ስለ እርጥብ ቤትና ስለ ሻጋታው፤ ለይፋት ቆላ ባለቤቶች የተጻፈ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3000 ሜትር ከሚበልጠው የደጋ ብርድ ወጥቶ ወደ 1280 ሜትር ገደማ ዝቅ ወዳለው የቆላ ሙቀት ሲደርስ፣ ካፖርቱን እያወለቀ፣ በዚህ አገር ቤትን የሚጎዳው ፀሐይ ነው እንጂ ውሃስ አይደለም ብሎ ቢያስብ የሚነቀፍበት አይደለም። ይሁን እንጂ እርሱ በመኪና የወረደውን ቁልቁለት ዝናሙም ይወርደዋል፤ በተረተሩ ላይ የጣለው የሐምሌ ዝናም በየሸለቆው ተሰብስቦ፣ ሮቢንና ጀውሃን የመሳሰሉትን ወንዞች ሞልቶ፣ በሜዳው ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ ከደጃፍ ሊደርስ ይችላል። በዚህም ላይ ይፋት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት፣ ዝናም የሚያይ አገር ስለ ሆነ፣ በየካቲትና በመጋቢት የራሰ ግድግዳ እስከ ልቡ ደርቆ ሳይጨርስ የሐምሌው ይደርስበታል፤ የሜዳውም ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ፣ በላዩ የቆመውን መሠረት ዘወትር ሲያንቀሳቅሰው ይኖራል።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሻጋታውን ከማጥፋት በፊት ውሃው በየት እንደ ገባ ማወቅ፣ የገባበትንም መንገድ ከውጭ መዝጋት እንደሚገባ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

የቤትን ነገር ከመሐንዲሶችና ከሐኪሞች አስቀድሞ በሥርዐት የደነገገ መጽሐፍ ቢፈለግ ኦሪት ዘሌዋውያን ይገኛል። በምዕራፍ 14፣ ከቁጥር 33 ጀምሮ፣ ስለ ቤት ለምጽ በተሠራው ሕግ፣ ካህኑ ለምርመራ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ፣ በግድግዳው ላይ ወደ ውስጥ የጎደጎደ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ቢገኝ ቤቱ ሰባት ቀን እንዲዘጋ፣ ምልክቱ ሰፍቶ ቢታይ ድንጋዮቹ ወጥተው ልስኑም ተፍቆ ከከተማ ውጭ እንዲጣል፣ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ እንዲተካ፣ ከዚያም በኋላ ደግሞ ቢመለስ ቤቱ እንዲፈርስ ታዟል። መምህራን ነገሩን በመንፈሳዊ ምሥጢር ይተረጕሙታል፤ ለግንበኛ ግን ቅደም ተከተሉ ብቻውን በቂ ትምህርት ነው፤ ማውጣት፣ መመርመር፣ መጠበቅ፣ የተበላሸውን ማስወገድ፣ መተካት፣ እንደ ገና መመርመር። እኛ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የምናደርገው ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሌለውን፣ በሻጋታው ላይ ቀለም መቀባትን ነው። ሰባቱን ቀን በተመለከተ ብቻ፣ በቆላ ያለን ሰዎች ቤቱን ዘግተን ሳይሆን ከፍተን ብንጠብቅ ይሻላል፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ፣ ጎርፍ የገባበት ቤት ከሆነ፣ እግርዎን ወደ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ያጥፉ፤ ቆጣሪው ራሱ ውሃ ነክቶት እንደ ሆነ ግን አይንኩት፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይጥሩ። ቀጥሎም በውጭ ዞር ዞር ብለው ግድግዳው ያዘነበለበት፣ ቋሚው ከቦታው የለቀቀበት ስፍራ እንዳለ ይመልከቱ። ደለሉን እርጥብ ሳለ በአካፋ ያውጡ፤ የደረቀ ደለል ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ለዶማ እንኳ ያስቸግራል፣ ሲጠረግም አቧራው ጎርፉ ያመጣውን እድፍ ሁሉ ወደ ሳንባ ያስገባል።

ሁለተኛው ሥራ የውሃውን መግቢያ መለየት ነው። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ድካም ግማሹ በዚህ ላይ ቢውል አይበዛም፤ መግቢያው ከታወቀ የቀረው የጉልበት ጉዳይ ነውና። ውሃ ወደ ቤት የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው።

ከላይ በጣራ የሚገባው ውሃ ምልክቱ ከግድግዳው ራስ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ በኮርኒስም ላይ ቡናማ ክብ የሚሠራ ነው። በአገራችን ብዙው ኮርኒስ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ስለ ሆነ፣ ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ሊንጠባጠብ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ጥግ ፈትተው በቀትር ፀሐይ ወደ ቆርቆሮው አሻቅበው ይመልከቱ፣ ቀዳዳው ሁሉ በብርሃን ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚስማር ነው፤ በቆርቆሮው ሞገድ ጕብታ ላይ መመታት የሚገባው ሚስማር፣ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ሚስማሩን ነቅሎ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፍኖ ባለ ጎማውን ሚስማር በጕብታው ላይ መምታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው በር የጓሮው መሬት ነው። ከጣራ ጫፍ የሚወርደው ፍሳሽ መሬቱን እየመታ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ የግድግዳው እግርም በውጭ በኩል ይቦረቦራል። በከተማችን በሸዋ ሮቢት ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ መንገዱ በየጊዜው ገረጋንቲ እየተደፋበትና ኮብልስቶን እየተነጠፈበት ከፍ ሲል፣ በነበረበት የቆመው ቤት ከመንገዱ በታች ይሆናል፣ የመንገዱም ውሃ ደጃፉን ያገኛል።

ሦስተኛው ከሥር የሚወጣው ነው፤ ይህ ረቂቅ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። የመሬቱ እርጥበት በመሠረቱ ድንጋይና በጭቃው ረቂቅ ቀዳዳዎች በኩል ሽቅብ ይሳባል፤ በግድግዳውም ዙሪያ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ ከዚያም በላይ፣ ቁመቱ እኩል የሆነ መቀነት ይሠራል፣ በጠርዙ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይታያል፣ ልስኑም እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ዝናም ካቆመ ከብዙ ቀን በኋላ እንኳ አይጠፋም። አራተኛው የአየሩ እርጥበት ነው፤ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ አልጋ ከተጠጋበት ማእዘን፣ ማድ ቤት ከሚያዋስነው ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛውና አራተኛው ቢያደናግርዎ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የጠራ ላስቲክ በግድግዳው ወይም በወለሉ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ያሽጉና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይተዉት። ጤዛው በላስቲኩ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር በተጣበቀው ገጽ፣ ቢታይ ውሃው ከግድግዳው ይመጣል፤ ወደ ክፍሉ በሚመለከተው ገጽ ቢታይ ከአየሩ ነው፣ መድኀኒቱም ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅና መስኮት መክፈት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ ይጀምሩ። የጣራን ውሃ ቀላል አድርጎ የሚገምት ሰው ይህን ሒሳብ ያስላ፤ 60 ካሬ ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢጥል 1800 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር የሚይዝ ዘጠኝ በርሜል ውሃ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከግድግዳዎ እግር ሥር ይፈሳል። ስለዚህ አሸንዳ ማሰር ለጌጥ አይደለም። ከአሸንዳው የሚወርደውን በበርሜል የሚያጠራቅሙ ከሆነ በርሜሉን ይክደኑት፤ ሮቢት የወባ አገር መሆኑን ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም፣ የተኛ ውሃ ባለበት ትንኝ ይፈለፈላል። ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው እየራቀ እንዲዘቀዝቅ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ለመሙላት የሚጠቅመው በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው፣ ከጓሮ የተቆፈረው ጥቁር አፈር ግን ለዚህ አይሆንም። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎም ስፋቱና ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ይቆፈራል፤ በየ10 ሜትሩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ በውሃ ልክ መለካት ያሻል፣ በዓይን ግምት የተቆፈረ ቦይ ብዙ ጊዜ ኩሬ ሆኖ ይቀራልና። ከግድግዳ ሥር የተተከለ ሙዝና ፓፓያም፣ ጥላው ደስ ቢያሰኝም፣ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው ከመሠረቱ ጋር ስለ ሆነ ራቅ ብሎ ይተከል።

አራተኛ፣ ማድረቅ። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዘው ይጀምራል፤ ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ይውጣ፣ ሰሌኑ ይነሣ፣ ፊት ለፊት ያሉት በርና መስኮት ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ይከፈቱ። ከኦሪቱ የተለየሁት በዚህ ነው፤ የይፋት ቆላ ፀሐይና ነፋስ ደጋው የማያገኘው ሀብት ነውና። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ክፍሉ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው በተዘጋ ቤት ከሰል አያቀጣጥሉ። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። የጭቃ ግድግዳ በላዩ ደርቆ ቢታይም ልቡ የሚደርቀው በሳምንታት ነው፤ ከዚያ በፊት መለሰን እርጥበቱን አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

አምስተኛ፣ ግድግዳው። በዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ በአገራችን ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋበት ዋናው ስፍራ ይህ ነውና። የጭቃ ቤት ባለቤት ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ግድግዳውን በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። ጭቃው፣ ጭዱና ማገሩ ግን ከአየሩ ጋር እርጥበት የሚቀባበሉ፣ ሲርሱ የሚያብጡ፣ ሲደርቁ የሚኮማተሩ ናቸው፤ ሲሚንቶው ደግሞ ጽኑና የማይታጠፍ ነው፤ ሁለቱ በባሕርይ ስለማይስማሙ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ዝናምና ከሥር የተሳበው እርጥበት መውጫ አጥተው ከጀርባው ይቀመጣሉ፣ ከውጭ አምሮ በሚታየው ልስን ውስጥ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጡም ይሰፍርበታል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ልስኑ በሰሌዳ በሰሌዳ ሆኖ የወደቀ ዕለት ነው። ሲሚንቶ የሚገባው ከድንጋዩ መሠረት ላይ ነው፤ ለጭቃው ግን ጭቃና ኖራ ይበቁታል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሻጋታው ከሚታይበት ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ልስኑ ይፋቅ፤ ከመፋቁ በፊት አቧራው እንዳይነሣ በውሃ ይረጭ። የቋሚዎቹን እግር በወስፌ ይውጉ፤ ወስፌው ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ አልቋል። የበሰበሰውን እግር ቆርጦ ቋሚውን በድንጋይ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ ያውም ወራጁ በድጋፍ ከተያዘ በኋላ ይሁን። ጭቃው ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መሠረት ቢኖረው የዘላለም ዕረፍት ነው። አዲሱ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሳምንት ያህል ይቡካ፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምርጊቱ ሲደርቅ ውጫዊው ገጽ በቀጭን በቀጭኑ ሦስት ጊዜ ኖራ ይቀባ።

ስንጥቅ ሁሉ የውሃ ሥራ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ይፋት በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠ አገር ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፍረሱ ይታወቃል፣ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተከታተለውም ንዝረት እስከ ሩቅ ተሰምቷል። በማእዘን ላይ ወይም ከመስኮት ጠርዝ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ከሰኔ በፊት ይደፈን፣ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይየው።

ስድስተኛው የወለል ሥር ነው። ሊሾና የአፈር ወለል ያለው ሰው ይህ አይመለከተኝም ይል ይሆናል፤ በእርግጥም ለእርሱ የሚነገረው አጭር ነው፤ የውስጡ ወለል ከጓሮው ከፍ ማለት አለበት፣ ዝቅ ካለ አፈሩን አንሥቶ ገረጋንቲ ሞልቶ ላስቲክ አንጥፎ በላዩ ወለሉን ማደስ ነው። የጣውላ ወለል ያለው ቤት ግን ከጣውላው በታች ጨለማ ክፍት ቦታ አለው፤ ባለቤቱም ቤቱን ከገዛ ጀምሮ ዓይቶት አያውቅም። ሊያየው ሲገባ በቀን፣ ሰው በአጠገቡ ሳለ፣ በባትሪ እያበራና በበትር እያንኳኳ ይሁን፤ በቆላ እንዲህ ያለ ቦታ የእባብና የጊንጥ ማደሪያ ነውና ረጅም ጫማና ጓንት ያድርግ። በውስጡ የሚፈልገው የተኛ ውሃ፣ የሻገተ ወራጅ፣ በድንጋዩ ላይ ሽቅብ የሚወጣ የምስጥ የጭቃ መንገድ ነው። ውሃ ተኝቶ ከተገኘ ወደ ዝቅተኛው ጎን ቦይ አውጥቶ ማፍሰስ፤ ግንበኞች የጣሉትን የእንጨት ቁርጥራጭ ለቅሞ ማውጣት፣ የምስጥ መጋበዣ ነውና፤ መሬቱ ከደረቀ በኋላ ጫፍና ጫፉ በ30 ሳንቲ ሜትር የተደራረበ ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ። በመጨረሻም ነፋስ ማስገባት፤ ለ40 ካሬ ሜትር ወለል 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰባት ያህል መስኮቶች በመሠረቱ ዙሪያ፣ ፊት ለፊት ተያይተው፣ ቢከፈቱ ይበቃል፤ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ። ብዙ ሰው እነዚህን መስኮቶች ለአይጥ ብሎ በጭቃ ይደፍናቸዋል፤ ወለሉም በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእግሩ ሥር ይበሰብሳል።

ሰባተኛው፣ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት፣ ሻጋታውን ማጽዳት ነው። በሳሙናና በውሃ መፈግፈግ ለአብዛኛው ይበቃል። በረኪና የሚያስፈልገው ጎርፍ ለነካው ሲሚንቶ፣ ድንጋይና ብረት ነው፤ መጠኑም በ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር አይበልጥ። በረኪናን ከአሲድና ከሌላ ማጽጃ ጋር አለመቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳልና። በጭቃና በእንጨት ላይ በረኪና ማፍሰስ እርጥበት መጨመር ብቻ ነው። አፍና አፍንጫዎን በጭምብል ይሸፍኑ፤ አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃንና ሽማግሌ በሥራው ጊዜ ከቤቱ ይራቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስታውቋል።

የጎርፍ ውሃ የጠጣ ፍራሽ አይተርፍም፤ ማሾም፣ ማሽላም፣ ጤፍም ሻጋታ ከያዘ አይተርፍም። ማጠብና ማስጣት መልኩን ይመልሰው ይሆናል፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ግን በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም፤ ለዶሮና ለላም መስጠትም ያው መርዙን በዕንቁላልና በወተት መልሶ መቀበል ነው። የሚያሳዝን ኪሳራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለወደፊቱ ጎተራው በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይቁም።

ስለ ጊዜው ጥቂት ልጨምር። የልስኑና የምርጊቱ ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት ይሁን፤ ወርኀ ግንቦት ደግሞ፣ በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ ለቦይ መጥረግና ለአሸንዳ ነው። ቦዩ በአንድ ግቢ ብቻ አያልቅም፤ የእርስዎን ውሃ ወደ ጎረቤት ደጃፍ መርቶ መተው ጠብ መትከል ስለ ሆነ፣ የሰፈሩን ሰው በደቦ ጠርተው እስከ ዋናው ማፋሰሻ ድረስ በአንድነት ይቁፈሩ፤ ማፋሰሻው የመንገዱ ከሆነ ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ።

የቀደሙት የይፋት ሰዎች፣ ፍርስራሻቸው ዛሬም በኖራና በአስበሪ የሚታየው የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ባለቤቶች፣ በድንጋይ የሠሩት በተረተር ላይ ነበር፤ እኛ ለመንገዱና ለገበያው ስንል ወደ ሜዳው ወርደናል። በዚህ ሜዳ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ተደርጎ ብዙውን ቤት ማዳን ይቻላል። ከወንዝ አፍ ወይም ከጎርፍ መውረጃ ላይ የተሠራውን ግን ቦይም፣ ገረጋንቲም፣ ኖራም አያድነውም፤ እንዲህ ያለ ቤት ያለዎት ከሆነ ለጥገናው ያሰቡትን ገንዘብ ይያዙና፣ ቆርቆሮውንና እንጨቱን በበጋ ነቅለው ከፍ ባለ ቦታ ይሥሩ።